የእናቴ ክረምትና የሜሪላንድ ክረምት

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ፖለቲካ አይደለም፤ ስለ ጎመን ነው። ፖለቲካው እንደሆነ የትም አይሄድብንም፣ ለአንድ ሳምንት ቢቆየን አይከፋም።

መቼም በዋሽንግተን አካባቢ ያለን ሐበሾች ከጎመን የተጣላን አይደለንም። ገበያ ላይ «ኮላርድ» እያሉ የሚሸጡትን ሰፊ ቅጠል ገዝተን፣ ከትፈንና ቀቅለን እንበላዋለን። የአገር ቤቱ ጎመን ግን፣ ያ ዘሩ ተወቅጦ ምጣድ የሚታሰስበት፣ ሌላ ተክል ነው። ፈረንጆቹ ራሳቸው «የኢትዮጵያ ሰናፍጭ» ይሉታል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችን ድረስ መጥቶ ዘር የሰበሰበው፣ ብዙ አዝርዕት ከዚያ እንደተነሱ ስላመነ ነው።

በበኩሌ ይህን ሁሉ የማወቅ ፍላጎት አልነበረኝም። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ዕርፍ እንዳልጨብጥ ብሎ በሬ ሸጦ ያስተማረኝ ሰው ነው። ጓሮው ደግሞ የእናቴ ግዛት ነበር፤ ወንድ ልጅ ጎመን ሲኮተኩት ከታየ የመንደር መሳቂያ ይሆናል። እናም ከማሳውም ከጓሮውም ሳልሆን አደግሁ። አሜሪካን አገር ገብቼ ሃያ ዓመት ታክሲ ስነዳ እጄ አፈር የነካው ጎማ ስቀይር ብቻ ነው።

ነገሩ የመጣው በእናቴ በኩል ነው። ካመጣኋት ሁለተኛ ዓመቷ ነው። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፣ እኔ መንገድ ላይ። እናቴ መስኮት ሥር ተቀምጣ መኪና ትቆጥራለች። ባለፈው ጥር «ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ ሁሉም ሞልቶልኛል። እግሬ ግን መሬት አጣ። መልሰኝ» አለችኝ። ይህችን ቃል ከወላጆቻችሁ የሰማችሁ አንባቢያን ጥቂት እንደማትሆኑ እጠረጥራለሁ። እዚያስ ማን አላት? ቤቱ ተዘግቷል፣ ወንድሞቼ በየፊናቸው ተበትነዋል። «እማዬ፣ እስከ መስከረም ቆዪልኝ፤ ከዚያ ትኬቱን እቆርጣለሁ» ብያት፣ በዓመት ኪራይ ከሚሰጡት የአትክልት ቦታዎች ስምንት እርምጃ በስድስት የሆነች ቁራሽ መሬት ያዝኩ። እየከፋኝ ነው የያዝኩት፤ አልደብቅም።

መጀመሪያ የተጣላነው በወቅት ነው። «መቼ ነው የሚዘራው?» ስላት «ክረምት ሲገባ ነዋ!» አለችኝ። ይህን ስትለኝ መስኮቱ ላይ በረዶ ተጋግሯል። እኛ እዚህ ስንኖር «ክረምት» የሚለውን ቃል ለጥር ብርድ ሰጥተነዋል። ለእሷ ግን ክረምት ሰኔ ግም ሲል የሚገባው ዝናብ ነው። የሜሪላንድ ሰኔ ደግሞ ጎመን በሙቀት አብቦ ቅጠሉ የሚጠነክርበት ጊዜ ነው። የቀኑም ነገር አለ። አገር ቤት ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊባል ምንም አይቀረው፤ እዚህ ግን በታኅሣሥ 9 ሰዓት ተኩል ብቻ የሚቆየው የቀን ብርሃን በሰኔ ወደ 15 ሰዓት ይረዝማል። ሰው ባይቆጥረው ተክል ይቆጥረዋል።

ስለዚህ ሥራ ተካፈልን፤ ቀኑን እኔ፣ ዘሩን እሷ። በዚህ አካባቢ የመጨረሻው ውርጭ ብዙውን ጊዜ በኤፕሪል ሁለተኛ አጋማሽ ነው፣ አንዳንድ ዓመት ሜይን ይነካል። ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። በርበሬ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ቀድሞ ቤት ውስጥ ይዘራል፤ በሶብላም እንዲሁ፣ ግን ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ አፈር አይጫነውም። ጎመን ቀላል ውርጭ ስለማይፈራ በማርች መጨረሻ በቀጥታ መሬት ላይ ይዘራል።

በርበሬውን እንቁላል ካርቶን ውስጥ ዘርተን ፍሪጅ አናት ላይ አስቀመጥነው፤ እዚያ ሞቅ ይላል። በ11ኛው ቀን ብቅ አለ። እናቴ ሥራ አገኘሁ ብላ በቀን ሦስት ጊዜ ታጠጣው ጀመር፤ ገሚሱ ከአንገቱ ቀጥኖ ተዘረረ። አፈር ሳይጠነፍፍ ሲቀር ሻጋታ ግንዱን ይበላዋል። «ፎቅ ላይ ቡቃያውም እንደ ሰው ነው» አለች። የተረፉትን ለአንድ ሳምንት በየቀኑ በአሳንሰር እያወረድኩ ፀሐይና ነፋስ አስለመድኳቸው። አንድ የአገር ልጅ አሳንሰር ውስጥ አይቶኝ ዝግ ባለ ድምፅ «ጫት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ዘሩንስ ከየት አመጣህ የሚል ይኖራል። ከአገር ቤት በሻንጣ ቋጥሮ መምጣት አያዋጣም፤ የአሜሪካ ሕግ ለዘር የጤንነት ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፣ ያለዚያ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ይወሰዳል። የጎመኑን ዘር የሰጡን እዚሁ ለዓመታት እየዘሩ ዘር የሚይዙ አንዲት እናት ናቸው፤ በጨርቅ ቋጥረው። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ የተቋቋመውን የዘር ባንክ ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም መጠበቅ አለበት ብለው በመሥራታቸው በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል። የእኚህን እናት ቋጠሮ ቢያዩ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

እግረ መንገዴን፣ ቤት ላላችሁ፦ ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ግድግዳ ሥር ጎመን ከመዝራታችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩ። በዚያ ዓመት የታገደው እርሳስ ያለበት ቀለም ተላልጦ አፈሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ለሕፃናት አእምሮ ጠንቅ ነው። ጎመን በጤና የሚባለው ጤናው ሲኖር ነው።

ጎመኑ በሳምንቱ በቀለ። ወዲያው ቁንጫ የሚያክሉ ጥቁር ጥንዚዛዎች ወረሩትና ቅጠሉን ወንፊት አደረጉት። እናቴ «አመድ አምጣ» አለችኝ። ስምንተኛ ፎቅ ላይ አመድ ከየት ይመጣል? ለዚሁ የሚሸጠውን ስስ ነጭ ጨርቅ ገዝቼ ሸፈንኩበት። «ነጠላ አለበስከው!» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር። በሰባተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ቅጠል ቆረጥን። አጠገባችን ያለው መሬት የአንዲት የሳልቫዶር ሴት ነው። ከእናቴ ጋር አንድም የጋራ ቃል የላቸውም፤ ግን ጎመን በድንብላል ቅጠል ይለዋወጣሉ፣ ጉልበታቸውን እየነካኩ ስለ ሕመማቸውም ይጫወታሉ።

ሰኔ ላይ ጎመኑ ቢጫ አበባ አወጣ። እናቴ ምርጥ ምርጡን «እነዚህን እንዳትነካብኝ» ብላ ለዘር አስቀረች፤ ቆባው ሲደርቅም ራሷ ወቃችው። ሦስት ቋጠሮ ወጣው፤ አንዱ ዘሩን ለሰጡን እናት፣ አንዱ ለሳልቫዶሯ ሴት፣ ሦስተኛውን በጠርሙስ አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ አኖርኩት።

አሁን መስከረም ጠብቷል። የመሬቱን ኪራይ ማደሻ ወረቀትና የትኬቱን ዋጋ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ አሳየኋት። «ይቆይ» አለችኝ። የትኛው እንደሚቆይ ግን አልነገረችኝም።