የኤሌክትሮኒክ የጤና መዝገብ ማበረታቻ ፕሮግራም (አሜሪካ)

የኤሌክትሮኒክ የጤና መዝገብ ማበረታቻ ፕሮግራም የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሐኪሞችና ሆስፒታሎች የታካሚዎቻቸውን መረጃ ከወረቀት ካርድ ወደ ኮምፒውተር እንዲያዛውሩ ለማበረታታት ከ2011 እስከ 2021 ገንዘብ የከፈለበት ፕሮግራም ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ክፍያውን ለማግኘት ኮምፒውተርና ሶፍትዌር መግዛት ብቻውን አይበቃም ነበር። አመልካቹ ሥርዓቱን ለሕክምና ሥራ በእርግጥ እንደተጠቀመበት በቁጥር ማሳየት ነበረበት።

አመሠራረት

ፕሮግራሙ የተመሠረተው ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ የካቲት 17 ቀን 2009 በፈረሙት የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሕግ ውስጥ በተካተተውና «ሃይቴክ» ተብሎ በሚጠራው ክፍል ነው። በ2008 መሠረታዊ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ የነበራቸው የአሜሪካ ሆስፒታሎች ከአሥር አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ክፍያው የተሰጠው በሁለት መንገድ ነው፦ በዋናነት አረጋውያንን በሚሸፍነው የሜዲኬር መድንና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን በሚሸፍነው የሜዲኬይድ መድን በኩል።

ብቁ የሆኑት

በሜዲኬር በኩል ብቁ የነበሩት የሕክምና ዶክተሮች፣ የጥርስ ሐኪሞች፣ የእግር ሐኪሞች፣ ኦፕቶሜትሪስቶችና ካይሮፕራክተሮች ነበሩ። በሜዲኬይድ በኩል ደግሞ ዶክተሮች፣ የጥርስ ሐኪሞች፣ አዋላጅ ነርሶችና ራሳቸውን ችለው የሚያክሙ ከፍተኛ ነርሶች ይገቡ ነበር። በሜዲኬይድ የሚያመለክት ባለሙያ ከታካሚዎቹ ቢያንስ 30 በመቶው፣ የሕፃናት ሐኪም ከሆነ ደግሞ 20 በመቶው፣ የሜዲኬይድ ተጠቃሚ መሆን ነበረባቸው።

ከሥራው 90 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ በሆስፒታል የተኝቶ ሕክምና ወይም ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ሐኪም አይካተትም ነበር። ምክንያቱም የሚጠቀመው የሆስፒታሉን መዝገብ ነው። ክፍያው ለክሊኒኩ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ባለሙያ የሚታሰብ ስለነበር አምስት ሐኪሞች ያሉበት ክሊኒክ አምስት ማመልከቻ ያቀርባል። ሐኪሞች ከሁለቱ መንገዶች አንዱን መምረጥ ሲኖርባቸው፣ መስፈርቱን ያሟሉ ሆስፒታሎች ግን ከሁለቱም ሊከፈላቸው ይችል ነበር።

የክፍያው መጠን

በሜዲኬር በኩል በ2011 ወይም በ2012 የጀመረ ባለሙያ በአምስት ዓመት እስከ 44,000 ዶላር ያገኝ ነበር። ትልቁ ክፍያ የመጀመሪያው ዓመት 18,000 ዶላር ሲሆን፣ በየዓመቱ እየቀነሰ በአምስተኛው ዓመት ወደ 2,000 ይወርዳል። በሜዲኬይድ በኩል ከፍተኛው ድምር በስድስት ዓመት 63,750 ዶላር ነበር። የሆስፒታሎች ስሌት ከ2 ሚሊዮን ዶላር መነሻ ተነሥቶ እንደ ታካሚዎቻቸው ብዛት ይጨምር ነበር።

ትርጉም ያለው አጠቃቀም

የመጀመሪያው መስፈርት ሶፍትዌሩ በመንግሥት በታወቀ አካል ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ያገኘ መሆኑ ነው። ሁለተኛው «ትርጉም ያለው አጠቃቀም» ይባላል። በመጀመሪያው ደረጃ አንድ ሐኪም 15 ዋና መለኪያዎችንና ከ10 አማራጮች 5ቱን ማሟላት ነበረበት። ከእነዚህም መካከል የሚከተሉት ይገኙበታል፦

• ከ80 በመቶ በላይ ለሆኑ ታካሚዎች ወቅታዊ የበሽታ ዝርዝር መመዝገብ፤
• ከ40 በመቶ በላይ የሆኑ የመድኃኒት ማዘዣዎችን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ወደ ፋርማሲ መላክ፤
• የታካሚዎች መረጃ ለአደጋ የተጋለጠበትን ቦታ መርምሮ ክፍተቱን መድፈን።

አንድ ዋና መለኪያ ከጎደለ የዓመቱ ክፍያ በሙሉ ይቀራል። ሥራውን የማይመለከተው መለኪያ ሲያጋጥም ግን ነፃ የሚሆንበት መንገድ ነበር፤ ለምሳሌ በመለኪያው ወቅት ከ100 ያነሰ ማዘዣ የጻፈ ሐኪም ማዘዣን በሚመለከተው መለኪያ አይጠየቅም። በመጀመሪያው ዓመት የ90 ተከታታይ ቀናት መረጃ ይበቃ ነበር። ሜዲኬይድ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ሥርዓቱን መግዛትን፣ መትከልን ወይም ማሻሻልን ብቻ ይቀበል ነበር።

ማረጋገጫና ቁጥጥር

አመልካቹ ቁጥሮቹን በድረ ገጽ ሞልቶ እውነት መሆናቸውን ያረጋግጣል። ደጋፊ ሰነዶችን ለስድስት ዓመት ማቆየት ግዴታ ነበር፤ ኦዲተር ሲመጣ ማስረጃ ያጣ ሰው የተቀበለውን ገንዘብ ይመልሳል። ብዙውን ጊዜ ሳይሠራ ወይም ሳይመዘገብ የሚቀረው የመረጃ ደኅንነት ምርመራው ነበር። ተጠያቂነቱ ሶፍትዌር ሻጮችንም ይነካል። ኢክሊኒካልወርክስ የተባለው ኩባንያ የምስክር ወረቀቱን ያገኘው በማታለል ነው የሚለውን ክስ በስምምነት ለመዝጋት በ2017 155 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ቅጣት፣ ውጤትና ፍጻሜ

ከ2015 ጀምሮ መስፈርቱን ያላሟሉ ሐኪሞች ከሜዲኬር ክፍያቸው 1 በመቶ ይቀነስባቸው ጀመር፤ ቅነሳው በ2017 ወደ 3 በመቶ ደረሰ። በ2015 መሠረታዊ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ያላቸው ሆስፒታሎች 84 በመቶ ሆኑ። ይሁን እንጂ ሐኪሞች ከታካሚው ይልቅ ኮምፒውተሩን እያዩ መዋላቸውን፣ የተለያዩ ኩባንያዎች ሥርዓቶችም እርስ በርስ መረጃ መለዋወጥ አለመቻላቸውን በመጥቀስ ፕሮግራሙን ተችተዋል።

በዚህም ምክንያት ትኩረቱ ወደ መረጃ ልውውጥ ዞሮ ፕሮግራሙ በ2018 ስሙ ተቀየረ። የሜዲኬይድ ክፍያ በ2021 ሲያበቃ ማበረታቻው ተዘጋ። ዛሬ በሜዲኬር የሚሠሩ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች የኤሌክትሮኒክ መዝገብ አጠቃቀማቸውን የሚያሳውቁት ጉርሻ ለማግኘት ሳይሆን፣ በአብዛኛው ክፍያቸው እንዳይቀነስ ነው።