ጨውን ድንጋይ የማድረግ ሙያ

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይላል ያገራችን ተረት። ሊቃውንት ግን ለአንድ ዓይነት ጨው የዚህን ተቃራኒ ይመኙለታል፤ ድንጋይ ሆኖ እንዲጣል ብዙ ይደክሙለታል። ይህም ያገለገለ የኑክሊየር ነዳጅ ሲጣራ የሚተርፈው ጨረራ አመንጪ ጨው ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንመልከት። በአሜሪካ በኢዳሆ ግዛት ከ1964 እስከ 1994 (እ.ኤ.አ.) አንድ የሙከራ ሪአክተር ሲሠራ ቆይቷል። ነዳጁ ከብረት ቱቦ ውስጥ የገባ የዩራኒየም ዘንግ ሲሆን፣ ሙቀት በሚገባ እንዲተላለፍ በዘንጉና በቱቦው መካከል ያለው ክፍተት በሶዲየም ተሞልቶ ነበር። ሶዲየም ውሃ ሲነካው ምን እንደሚሆን የኬሚስትሪ መምህራን ሁሉ ያውቁታል፤ ሃይድሮጅን እየለቀቀ ይቀጣጠላል። ስለዚህ 25 ቶን ያህል የሚሆነውን ይህን ነዳጅ እንዳለ መሬት ውስጥ መቅበር ለአደጋ የሚያጋልጥ ሆኖ ተገኘ።

የተመረጠው መፍትሔ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ የሚማሩት ኤሌክትሮሊሲስ ነው። ልዩነቱ በውሃ ፈንታ የቀለጠ ጨው መጠቀሙ ነው። ሊትየም ክሎራይድ ለብቻው በ605፣ ፖታስየም ክሎራይድ ደግሞ በ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣሉ፤ በተገቢው መጠን ሲደባለቁ ግን በ355 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣሉ። ሥራው የሚካሄደው በ500 ዲግሪ ገደማ፣ አርጎን ጋዝ በተሞላና በወፍራም ግድግዳ በታጠረ ክፍል ውስጥ ነው። ሠራተኛው ውጭ ቆሞ በወፍራም መስታወት እያየ በሜካኒካል እጆች ይሠራል።

የተቆራረጠው ነዳጅ በብረት ቅርጫት ሆኖ አኖድ ይሆናል። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ዩራኒየሙ በጨው ውስጥ ተጉዞ ካቶዱ ላይ ይከማቻል። በቀላሉ የማይሟሙት ብረቶች ከቱቦው ቁርጥራጭ ጋር በቅርጫቱ ይቀራሉ። ሴዝየም፣ ስትሮንትየምና ሶዲየም ግን ከዩራኒየም ይልቅ ከክሎሪን ጋር አጥብቀው ስለሚተሳሰሩ ክሎራይድ ሆነው በጨው ውስጥ ይቀራሉ። ፕሉቶኒየምም እዚያው ይጠራቀማል። ሥራው በተደጋገመ ቁጥር ጨው እየቆሸሸ ይሄዳል፤ በመጨረሻም መወገድ ይኖርበታል።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጨው በውሃ ይሟሟል። ተቀብሮ የከርሰ ምድር ውሃ ቢያገኘው የያዘውን ሁሉ ይዞ ይፈሳል። ሌሎች ከፍተኛ ጨረራ ያላቸው የኑክሊየር ውዳቂዎች አብዛኛውን ጊዜ ከብርጭቆ ጋር ቀልጠው ይጋገራሉ። የተለመደው ብርጭቆ ግን ክሎሪንን በጣም በጥቂቱ እንጂ አይቀበልም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጨው ተለይቶ ይወጣል።

ስለሆነም ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ማዕድናት አዞሩ። በተፈጥሮ ሶዳላይት የሚባል ድንጋይ አለ፤ የአሉሚኒየም፣ የሲሊከንና የኦክስጅን አቶሞች እንደ ጎጆ ተያይዘው በመካከላቸው ክሎሪንንና ሶዲየምን አቅፈው ይዘዋል። ይህን ድንጋይ በፋብሪካ ለመሥራት በቅድሚያ ዚዮላይት የተባለው ባለ ቀዳዳ ማዕድን ውሃው እስኪወጣለት ይደርቃል። ከዚያም ከተፈጨው ጨው ጋር ተደባልቆ በ500 ዲግሪ ይሞቃል፤ ጨውም ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል። ቀጥሎም የብርጭቆ ዱቄት ይጨመርበትና ከ900 ዲግሪ በላይ ሲጋገር ዚዮላይቱ ወደ ሶዳላይት ይለወጣል፤ ብርጭቆው ደግሞ እንደ ጭቃ ምርጊት ቅንጣቶቹን ያያይዛል።

ጥንካሬው የሚለካበት አንዱ መንገድ ቀላል ነው። ናሙናው ይፈጭና በ90 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 7 ቀን ይቆያል፤ ከዚያም ወደ ውሃው ምን ያህል ንጥረ ነገር እንደወጣ ይለካል።

ዘዴው እንከን የለውም ማለት አይደለም። ፕሉቶኒየሙ በሶዳላይቱ ጎጆ ውስጥ አይገባም፤ ጥቃቅን የኦክሳይድ ቅንጣት ሆኖ በብርጭቆው ዘንድ ይቀራል። ጥቂት የገበታ ጨው ክሪስታልም ሳይታሰር ይቀራል። ከሁሉም በላይ፣ ከተጠናቀቀው ድንጋይ ክብደት ውስጥ ጨው ከመቶ 8 ያህል ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ጨው ለማሰር 12 ኪሎ ያህል ድንጋይ ይወጣል ማለት ነው። ስለዚህም ዛሬ ሌሎች ተመራማሪዎች ክሎሪኑን አስቀድሞ በመለየት፣ የቀረውን ከብረትና ከፎስፌት በተሠራ ብርጭቆ ለማሰር ይሞክራሉ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? የሴዝየም 137 ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት ያህል ነው፤ ከ300 ዓመት በኋላ ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ይቀራል። የፕሉቶኒየም 239 ግማሽ ዕድሜ ግን 24,000 ዓመት ገደማ ነው። አሜሪካም ከኃይል ማመንጫ ሪአክተሮች ለሚወጣው ነዳጅና ለከፍተኛ ጨረራ ውዳቂ የሚሆን ቋሚ የመሬት ውስጥ ማከማቻ እስካሁን አልከፈተችም። ድንጋዩ ተሠርቶ ቢያልቅ እንኳ ማረፊያው ገና አልተዘጋጀም።

መምህሩ ስለ መሟሟትና ስለ ኤሌክትሮሊሲስ ሲያስተምር ይህን ምሳሌ ቢያነሳ፣ ተማሪው በብርጭቆ ውሃ ውስጥ የሚያየው የጨው መሟሟት ስንት ትውልድ የሚያሳስብ ጉዳይ እንደሆነ ይገነዘባል።