ጦርነትና ተረት የፈጠሩት ንጉሥ

ልጆች ከጨዋታ የሚቀስሙት ትምህርት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ወላጆች የልጆቻቸውን ጨዋታ ሊያውቁት ይገባል እንላለን።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር «ዋርሐመር» የሚባል የጦር ጨዋታ ታትሞ ወጣ። ተጫዋቾቹ ትናንሽ የወታደር ምስሎችን ቀለም ቀብተው በጠረጴዛ ላይ ያሰልፋሉ፤ ያዋጋሉም። የጨዋታው ዓለም በሐሳብ የተፈጠረ ቢሆንም፥ የራሱ ነገሥታትና የራሱ ታሪክ አለው። ከነገሥታቱም ዝናው የገነነው ሲግማር ነው።

ሲግማር ሲወለድ ባለ ሁለት ጅራት ኮከብ በሰማይ ታየ ይባላል። ገና ወጣት ሳለ የድንኮችን ንጉሥ ኦርክ ከሚባሉት ጨካኞች ፍጥረቶች እጅ አዳነ፤ ንጉሡም ስለ ውለታው የጦር መዶሻ ሸለመው። በኋላም እርስ በርሳቸው ይዋጉ የነበሩትን ነገዶች አስተባብሮ፥ ከድንኮችም ጋራ ሆኖ፥ በተራሮች መካከል ባለው ጠባብ በር ኦርኮችን ድል ነሣ፤ ንጉሠ ነገሥትም ተባለ። 50 ዓመት ገዝቶ ወደ ምሥራቅ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ሕዝቡም አምላክ ነው ብሎ ያመልከው ጀመር።

እንግዲህ ዘውድን የሰጠው ጦርነት ነው፤ አምላክ ያሰኘው ግን ተረት ነው። የሚጫወት ልጅ አስቀድሞ የሚያየው መዶሻውን ነው። ነገር ግን መዶሻው ራሱ የወዳጅነት ስጦታ ነበረ፤ ድሉም የተገኘው በቃል ኪዳንና በአንድነት ነው። ስለዚህ አባት ልጁን «ይህ ንጉሥ ከማን ጋራ ሆኖ አሸነፈ?» ብሎ ቢጠይቀው፥ ጨዋታው ወደ ትምህርት ይለወጣል። ጀግንነትን ከክንድ ብርታት ብቻ የሚቈጥር ልጅ ሲያድግ ባልንጀራን ይንቃልና።