ተጨማሪ መረጃ፦ ከሃርለም እስከ ሻሸመኔ

ስለ ሞደርኒዝም ሥነ ጽሑፍ ሲወራ የፓሪስና የለንደን ደራስያን ይቀድማሉ። የኒው ዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር ሃርለም ግን ሊዘለል አይገባም፤ የእርሱ ታሪክ እኛው ዘንድ፣ ሻሸመኔ ድረስ ይዘልቃልና።

ፋሺስት ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያን ሲወር የሃርለም ጥቁሮች ሰልፍ ወጡ፤ ገንዘብ አዋጡ። በ1937 ሐኪሙ መላኩ በያን ኢትዮጵያን ወርልድ ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር እዚያው ኒው ዮርክ አቋቋሙ። ከነጻነት በኋላም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዚህ ውለታ ለጥቁር ሕዝቦች መስፈሪያ ሻሸመኔ አጠገብ 5 ጋሻ፣ ማለትም 200 ሄክታር ያህል መሬት ሰጡ። ከጃማይካ የመጡ ሰዎች ስለሰፈሩበት ዛሬ ቦታው ጃማይካ ሰፈር ይባላል።

ጃማይካ የተወለደው ደራሲ ክላውድ ማኬይ ደግሞ ሃርለም ለኢትዮጵያ ያደረገውን ትግል፣ በመካከሉ የነበረውን ሽኩቻ ሳይደብቅ፣ በ1941 በልቦለድ ጻፈው። ረቂቁ አሳታሚ አጥቶ ተረሳ። በ2009 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ካስቀመጣቸው ሰነዶች መካከል ተገኘ፤ በ2017ም ታተመ። ይህን ልቦለድ ከወረራው ታሪክ ነጥሎ የሚተች ሐያሲ ግማሹን ብቻ አንብቧል።

የሻሸመኔ ተማሪዎች ሆይ፣ ጃማይካ ሰፈር ሄዳችሁ አረጋውያኑን ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም ጻፉት።