አዲስ የተተከለ ብርቱካን እስኪጸና ድረስ ስለሚጠጣበት ሥርዓት

በሐምሌ የተተከለ ብርቱካን እስከ መስከረም ድረስ ያለ ሰው ድካም ለምልሞ ይታያል፤ የሚያጠጣው ዝናሙ ነውና። ፈተናው የሚጀምረው ዝናሙ ካባራ በኋላ ነው። በትምህርት ቤት ግቢ በክረምት ተተክሎ በጥር ደርቆ የሚገኘው ችግኝ ሁልጊዜ ውሃ ተነፍጎ የሞተ አይደለም፤ አጠጣጡ ሥርዓት በማጣቱም ይሞታል።

ይኸውም ስለ ምን ነው ቢሉ፥ የአዲስ ችግኝ ሥር ያለው አብሮት በመጣው ጥቂት አፈር ውስጥ ብቻ ነው። በዙሪያው ያለው መሬት ምንም ቢርስ፥ ሥሩ ገና አልደረሰበትምና አይጠቅመውም። ስለዚህ በመጀመሪያ ውሃው በዚያው አብሮት በመጣው አፈር ላይ ሊወርድ ይገባል፤ ሥሩ ሲስፋፋ ግን ውሃ የሚቋጥረው ክብ እየሰፋ ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይውጣ።

ተማሪዎች በየቀኑ በጣሳ ጥቂት ጥቂት መርጨት ይወዳሉ። ነገሩ ለዓይን ያማረ ነው፤ ዳሩ ግን የሚርሰው የመሬቱ ፊት ብቻ ስለ ሆነ ሥሩ ወደ ታች መውረድን ትቶ ወደ ላይ ይቀራል፥ የበጋውም ፀሐይ ያገኘዋል። ከዚህ ይልቅ 20 ሊትር የሚይዝ አንድ ጀሪካን በዝግታ ማፍሰስ ይሻላል፤ ዝናሙ ካባራ በኋላ ባለው ወር በሳምንት 2 ጊዜ፥ ከዚያ ወዲያ በሳምንት 1 ጊዜ። አሸዋማ መሬት ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል። በዋልካ መሬት ግን ውሃው ስለሚተኛ ሥሩ አየር ያጣል፥ ቅጠሉም ቢጫ ሆኖ ይረግፋል።

መምህራን በተለይ ይህን ያስተውሉ፤ የተጠማውም ውሃ የበዛበትም ተክል ሁለቱም ይጠወልጋሉ። ስለዚህ ከማጠጣት በፊት አፈሩን አንድ ጣት ያህል ቆፍሮ መዳሰስ ያስፈልጋል፤ እርጥብ ከሆነ ይቆይ።

በግንዱ ዙሪያ አፈሩ ጥቂት ከፍ ይበል፤ ውሃ በልጡ ላይ ከተኛ ልጡ ይበሰብሳል፥ ሙጫም ያወጣል። በክቡ ላይ ደረቅ ሣር መጐዝጐዝ እርጥበቱን ያቆያል፤ ጉዝጓዙ ግን ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ። የፍየል ነገር ለብቻው ነው፤ አጥር ከሌለ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው።

ትምህርት ቤቱ ለመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ሲዘጋ ተክሉ አይዘጋም። በዚያን ጊዜ የሚያጠጣው ሰው አስቀድሞ በስሙ ይታወቅ፤ በዚህ ነገር የሠፈሩ ሽማግሎች ከመምህሩ ጋራ ቢመካከሩ መልካም ነው።

በሁለተኛው በጋ የውሃው ልክ ይብዛ፥ የቀኑ ርቀት ይርዘም። በሦስተኛው በጋ ሳይጠወልግ ብዙ ቀን የሚቈይ ከሆነ ሥሩ መሬቱን ይዟል። ነገር ግን የጸና ብርቱካንም ቢሆን አበባ ሲያወጣና ፍሬ ሲይዝ በጋው ከበረታበት ፍሬውን ያረግፋልና በዚያ ወራት ውሃ አይከልከል።