ከጨዋታው የተቀዳ የእግር ኳስ ልምምድ በጠባብ የትምህርት ቤት ግቢ

የእግር ኳስ ልምምድ ዓላማ ተጫዋቹን ለጨዋታ ማዘጋጀት መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ልምምድ ከጨዋታው ጋር ያለው ዝምድና እጅግ የላላ ነው። ተማሪዎች በረድፍ ይቆማሉ፤ ተራው የደረሰው ኳሱን በተተከሉ ምልክቶች መካከል እየገፋ ወደ ግብ ይመታል፤ ከዚያም ወደ ረድፉ ጫፍ ይመለሳል። ሥርዐቱ ለተመልካች ያማረ ቢሆንም ትምህርቱ ጥቂት ነው። ይህንንም በቀላል ሒሳብ ማረጋገጥ ይቻላል። 40 ተማሪዎች በአንድ ኳስ ለ20 ደቂቃ ቢለማመዱና አንዱ ተራ 15 ሴኮንድ ቢፈጅ፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ሁለት ተራ፣ ማለትም ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ በመቆም ያልፋል።

ጉዳቱ የጊዜ ብክነት ብቻ አይደለም። በጨዋታ ላይ ተጫዋቹ ኳስ የሚያገኘው ተቃራኒ እየተጫነው፣ ጓደኛው ቦታ እየለወጠ ነው። በመሆኑም እግሩ ከመሥራቱ በፊት ዐይኑና አእምሮው መሥራት አለባቸው። በምልክቶች መካከል የሚደረገው ልምምድ ግን ይህን የመወሰን ዕድል ይነፍገዋል፤ ምልክት ኳስ አይነጥቅምና። ስለዚህ አንድ ልምምድ ከጨዋታው የተቀዳ ነው ለማለት አራት ነገሮች ሊሟሉለት ይገባል፤ እነርሱም ኳስ፣ ጓደኛ፣ ተቃራኒ፣ እንዲሁም የሚጠቃና የሚጠበቅ ግብ ናቸው።

ይህ ሐሳብ ለሀገራችን ልጆች እንግዳ አይደለም። ከልደታ ነባር መንደሮች አንዱ በሆነው በጌጃ ሰፈር፣ እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ፣ ልጆች በቤቶች መካከል በተገኘች ክፍት ቦታ የጨርቅ ኳስ ይዘው፣ ድንጋይ ለግብ አቁመው ሲጫወቱ ኖረዋል። የቦታው መጥበብ ኳስን ቶሎ መቆጣጠርን፣ ቀና ብሎ ማየትንና ለጓደኛ ማቀበልን ግድ ይላቸው ስለ ነበር፣ አሠልጣኝ ባይኖርም ጨዋታው ራሱ ያስተምራቸው ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ግን በልደታ ክፍለ ከተማ ብዙ ነባር መንደሮች ፈርሰው በምትካቸው ፎቆችና የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ፣ የመጫወቻ ቦታዎችም አብረው ጠፍተዋል። በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የአራት ለአራት ጨዋታ በልጆች ሥልጠና ውስጥ ሰፊ ስፍራ የተሰጠው፣ እየጠፋ የሄደውን የመንገድ ላይ ጨዋታ እንዲተካ ታስቦ ነበር። በእኛም ዘንድ ቀድሞ መንደሩ ይወጣው የነበረው ኀላፊነት ዛሬ በትምህርት ቤቱ ግቢ ላይ ወድቋል።

የአንድ ክፍለ ጊዜ ምሳሌ

ርዝመቱ 40፣ ወርዱ 30 ሜትር የሆነ ግቢ፣ 40 ተማሪዎች፣ አራት ኳሶችና 40 ደቂቃ አሉን እንበል። የዚህ ግቢ ስፋት 105 በ68 ሜትር ከሆነው ሙሉ ሜዳ አንድ ስድስተኛ ገደማ ነው። ቢሆንም እያንዳንዳቸው 20 በ15 ሜትር ለሆኑ አራት ትንንሽ ሜዳዎች ይበቃል። በእያንዳንዱ ሜዳ አራት ለአራት ይጫወታሉ፤ የቀሩት ሁለቱ በዳር መስመር ቆመው ለሁለቱም ወገን ኳስ ያቀብላሉ፤ በየሁለት ደቂቃውም ይለዋወጣሉ።

የመጀመሪያው 5 ደቂቃ ለማሟሟቂያ ይውላል። ቀጥሎ ባለው 10 ደቂቃ ተማሪዎቹ ይጫወታሉ፤ መምህሩም አንድ ጉድለት ብቻ መርጦ ይመለከታል፤ ለምሳሌ ተቀባዩ ኳሱ ከመድረሱ በፊት ዙሪያውን አለማየቱን። በሦስተኛው ክፍል፣ ለ10 ደቂቃ፣ እያንዳንዱ ሜዳ ለሁለት ተከፍሎ ይህንኑ ጉድለት ለማረም ሦስት ለሁለት ይለማመዳሉ። ለዚህ ስምንት ኳስ ስለሚያስፈልግ፣ የጐደለው በጨርቅ ኳስ ይሟላል። ከዚያም ለ12 ደቂቃ ወደ አራት ለአራት ይመለሳሉ። የመጨረሻው 3 ደቂቃ ለጥያቄና መልስ ነው፤ መምህሩ «ለምን ወደዚያ አቀበልህ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ መልሱን አስቀድሞ አይናገርም።

ጨዋታው በድካም ሰዓት እንደገና የሚመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1954 ዓ.ም. በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ 4 ለ 2 የረታችው በተጨማሪው ሰዓት ነበር። ደክሞም አስተካክሎ መወሰን የሚለመደው በባዶ ሩጫ ሳይሆን በጨዋታ ውስጥ ነው። ሆኖም አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በየመካከሉ አጭር ዕረፍት መስጠት ያስፈልጋል።

ይህ አሠራር ሌላም ጥቅም አለው። በብዙ ተጫዋቾች መካከል ወደ ዳር የሚገፉት ሴቶች ተማሪዎችና ደካሞች፣ በአራት ለአራት ውስጥ ኳስ ሳይደርሳቸው ሊቀር አይችልም።

ከዚህ በመነሣት መምህሩ የልምምዱን ፍሬ በረድፉ ማማር ሳይሆን እያንዳንዱ ተማሪ ኳስ በነካበት ብዛት ሊመዝን ይገባዋል። የዕቅድ አውጪውም ድርሻ ቀላል አይደለም። ሙሉ ሜዳ ለማይኖረው ትምህርት ቤት 20 በ15 ሜትር የሆነች ባዶ መሬት ትርፍ ቦታ ሳትሆን የመማሪያ ክፍል ናት። ተጨማሪ ሕንፃ ሲታቀድ ቀድማ የምትወሰደው እርስዋ ከሆነች ግን፣ በመንደሩ መጫወቻ ያጣው ልጅ በትምህርት ቤቱም ያጣል።