ሁለት መድኃኒት በአንድ ብልቃጥ

አዲስ አበባ ውስጥ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ቢቆሙ፣ የሐኪም ማዘዣ የያዘ አስታማሚ ሲገባና ሲወጣ ማየት ብርቅ አይደለም። ማዘዣው ላይ አንዳንዴ አንብበው ለመጨረስ የሚያስቸግር ስም ይኖራል፤ ፒፔራሲሊን-ታዞባክታም።

ትልቁ ብልቃጥ 4 ግራም ፒፔራሲሊንና ግማሽ ግራም ታዞባክታም የያዘ ነጭ ዱቄት ነው። ባክቴሪያውን የሚገድለው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ለብቻው ይህ ነው የሚባል ጉዳት አያደርስበትም። ታዲያ ለምን ተጨመረ?

የፔኒሲሊን ቤተሰብ መድኃኒቶች ጉልበታቸው በአራት አተሞች በተሠራ ቀለበት ላይ ነው። ባክቴሪያው ግድግዳውን እንዳይገነባ ያግዱታል፤ ግድግዳው ሲላላም ይፈነዳል። ብዙ ባክቴሪያዎች ግን ቀለበቱን የሚሰብር ቤታ-ላክታሜዝ የተባለ ኢንዛይም አላቸው። ፔኒሲሊን ገና በሰፊው ሳይሰራጭ፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ አብርሃምና ቼይን ኦክስፎርድ ላይ ደርሰውበታል። ታዞባክታምም ያው ቀለበት ስላለው ኢንዛይሙ ሊሰብረው ይይዘዋል፣ ከያዘው በኋላ ግን ራሱ ሽባ ይሆናል። ፒፔራሲሊን በዚህ መሐል ሥራውን ይሠራል።

መድኃኒቱ ቢዋጥ ከአንጀት ወደ ደም ስለማያልፍ በደም ሥር ይሰጣል። መጠኑም በአንድ ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ በየ6 ወይም በየ8 ሰዓቱ መደገም አለበት፤ ስለዚህ የተኝቶ ታካሚ መድኃኒት ነው። ሴፍትሪያክሶን የተባለው ሌላው ፀረ-ባክቴሪያ ግን በግማሽ ለመቀነስ 8 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ በቀን አንዴ ተወግቶ ወደ ቤት መሄድ ይቻላል። የሰፈር ክሊኒክ መርፌ ያደረገው፣ በእኔ ግምት፣ ከኃይሉ ይልቅ ይህ ምቾቱ ነው።

«ሴፍትሪያክሶን ካልሠራ ጠንከር ያለው ይሰጠው» የሚባለው ግን ሁልጊዜ አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ፣ በ9 አገሮች የተካሄደ ሜሪኖ የተባለ ጥናት፣ ሴፍትሪያክሶንን የተላመዱ ባክቴሪያዎች ደማቸው ውስጥ የገቡ ሕሙማንን ተከታትሏል። ላቦራቶሪው የፒፔራሲሊንና የታዞባክታም ጥንድ ይሠራል ብሎ ነበር። በ30 ቀን ውስጥ ግን ጥንዱ ከተሰጣቸው 12.3 በመቶ ሞቱ፤ ሜሮፔነም የተባለ ሌላ ፀረ-ባክቴሪያ ከተሰጣቸው 3.7 በመቶ። ጥንዱ የሚያልፈው የተወሰኑ ኢንዛይሞችን ነው እንጂ ሁሉንም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እሱንም ሴፍትሪያክሶንንም ክትትል ከሚሹት ምድብ አስቀምጧቸዋል።

አስታማሚ ከሆኑ ሕመምተኛው ፔኒሲሊን የማይስማማው ወይም ኩላሊቱ የደከመ እንደሆነ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ይናገሩ። ደም፣ ሽንት ወይም መግል ለካልቸር ምርመራ መወሰዱንም ይጠይቁ፤ ናሙናው ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል። በጠና ለታመመ ሰው ውጤት እስኪመጣ መድኃኒቱ አይዘገይም። ውጤቱ ከቀናት በኋላ መጥቶ ሐኪሙ ወደ ቀለል ያለ መድኃኒት ልቀይር ካለ ደግሞ «ለምን ይቀነስብናል» ብለው አይሟገቱት።